ቁጫጭ የመረጠው እጅ

ሽማግሌው ከሕክምናው ቱቦ በተሳበው አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ልቡን ለመመለስ ሲታገሉ የከፈቱት የጥጥ ሸሚዝ እንደተከፈተ ቀርቷል። መርማሪዋ ወንፊት ፊቱን ብዙ አላየችም፤ ፊት ለቤተሰብ ነው፣ እጅ ለመርማሪ ነው ትላለች። ቀኝ እጁ ሆዱ ላይ ነው። ግራው ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ከመስኮቱ ደፍ ተነሥቶ ግድግዳውን፣ ከዚያም የአልጋውን እግር ይዞ የመጣ ቀጭን የቁጫጭ ሰልፍ በዚያ እጅ ጣቶች ላይ ያበቃል።

«አሥር አለቃ፣ እነዚህ ምን ፈልገው ነው የመጡት?»

«ሬሳ ሸቷቸው ይሆናላ፣ ኢንስፔክተር።»

«ከሞቱ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላቸውም። ደግሞ የፈለጉት ሬሳ ከሆነ ቀኝ እጃቸው ምን አጠፋ?»

አሥር አለቃው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። አብሯት ሲሠራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ መልስ የማይጠበቅበትን ጥያቄ ለይቶ ያውቃል። ወንፊት የሚለውን ስም ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ አንድን ወሬ ሦስት ጊዜ ሳትነቀንቅ አታሳልፍም ለማለት። ጡረታ ልትወጣ አራት ወር ቀርቷታል፤ ጉልበቷ ደግሞ ደረጃ ባየ ቁጥር ቀድሟት ጡረታ የወጣ ይመስላል።

ክሊኒኩ የጆሮ ክሊኒክ ነው። ሠራተኞቹ ጠርሙስ የሚሉት የሰው ቁመት ያለው ግልጽ ቱቦ ነው። በሽተኛው ይጋደምበታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ንጹሕ ኦክስጅን በግፊት ይሞላበታል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መተኛት ነው። ሽማግሌው ዛሬ ጠዋት በእግሩ ሄዶ ገባበት። ሲከፍቱት አይተነፍስም ነበር።

ሐኪሙ በቢሮው ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ክሊኒኩ የራሱ ነው። ፊት ለፊቱ የተፈረመ ወረቀት አለ።

«ሪፖርቱን ጨርሻለሁ» አላት። «ጥፋቱ የነርሷ ነው። የማያስፈልጋቸውን ኢንሱሊን ወግታቸዋለች። ስድስት ሰዓት ላይ ለጤና ቢሮ እልከዋለሁ፤ የሥራ ፈቃዷ ዛሬውኑ ይታገዳል። እስሩ የእናንተ ነው።»

«ፈጣን እጅ አለዎት፣ ዶክተር። እኔ የሟቹን ዕድሜ እንኳ ገና አልጻፍኩም።» ወንፊት ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች። «እስቲ እንደማታውቅ ሴት አድርገው ያስረዱኝ። ጆሯቸውን ሊታከሙ የመጡ ሰው ኢንሱሊን ምን ያደርግላቸዋል?»

«ቀኝ ጆሯቸው በሞተር ጩኸት ድሮ ነው የሞተው። የቀራቸው ግራው ነበር፤ እሱም ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ጠፋ። እንዲህ በድንገት ለጠፋ ጆሮ ዋናው መድኃኒት ስቴሮይድ ኪኒን ነው። ጠርሙሱ ድጋፍ ነው። ለሁሉም አይሠራም፤ ቶሎ ሲጀመር ግን ከኪኒኑ ጋር ሆኖ አንዳንዱን ሰው ይረዳል። እሳቸውን ረድቷቸዋል። ትናንት ስንለካቸው በተራ ድምፅ ያልናቸውን ይሰሙ ነበር።» እዚህ ላይ ሐኪሙ የሞተውን ሰው ረስቶ ለአፍታ ደስ አለው። «ችግሩ የስኳር በሽተኛ ናቸው። ኪኒኑ ስኳር ይሰቅላል፣ ጠርሙሱ ያወርዳል። ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ጣታቸው ይለካል፤ በጣም ከፍ ካለ በመመሪያው ላይ ያለው ኢንሱሊን ይሰጣል።»

«መመሪያውን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ።

«ዛሬስ ስንት ነበር?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት ብላ መዝግባለች። ውሸት ነው። ከጠርሙሱ እንደወጡ እኔ ራሴ ከጆሯቸው ጫፍ ደም ወስጄ ለካኋቸው፤ ሃያ ስድስት። ሃያ ስድስት ማለት አንጎል የሚበላው አጥቷል ማለት ነው። አራት መቶ የነበረ ሰው በዚያ መጠን እንዲህ አይወርድም። መሣሪያውን በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ደኅና ነው።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለች?»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከአሥር ቀን በፊት ጎማዋ ወልቆ የተገለበጠችውን አውቶቡስ ሰምተዋል? የነርሷ ታናሽ ወንድም እዚያ ውስጥ ነበር። ሟቹ ደግሞ የዚያ ድርጅት ዋና መካኒክ ናቸው። ባለጆሮው ይሏቸዋል፤ የካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በሽታውን የሚያውቁ ሰው። ነገ ጠዋት አጣሪ ኮሚቴው ሊጠይቃቸው ነበር። አሁን ይሰማሉ ብዬ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ኮሚቴው እስከ ዛሬ በጽሑፍ ለምን አልጠየቃቸውም?»

«ማንበብ አይችሉም። ፊደል ሳይቆጥሩ ነው ሞተር ያወቁት።»

ወንፊት ከቢሮው ስትወጣ ነገሩ ከመጠን በላይ ተስተካክሎ ቀረበላት። በቀል አለ፣ መርፌ አለ፣ የወጋች እጅ አለች። እንዲህ ተፈትጎና ተበጥሮ የሚመጣ እህል ሲያጋጥማት የምትጠረጥረው አቅራቢውን ነው።

ነርሷ ከጠርሙሱ ክፍል ቀጥሎ ባለው የስኳር መለኪያ ክፍል፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆማለች። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥቁር ለብሳለች። ዓይኖቿ ቀልተዋል፤ ግን አታለቅስም።

«ተቀመጪ ልጄ። ጠልተሻቸው ነበር?»

ነርሷ መሬት መሬቱን አየች። «አዎ። የተገለበጠችውን አውቶቡስ ደኅና ናት ብለው ያሳለፉት እሳቸው ናቸው ተብሎ ነበር። ሌላ ሰው ይያዛቸው ብዬ ዶክተርን ለምኜዋለሁ። ሰው የለም አለኝ። ግን አልዋሸሁም። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው ያየሁት።»

«ከየትኛው እጅ?»

«ከግራው። ሁልጊዜ ከግራው ነው፤ የቀኝ ጣታቸው ቆዳ እንደ ጫማ ሶል ነው፣ መርፌ አያስገባም።»

«እጃቸውን ታጥበው ነበር?»

ልጅቷ ቀና አለች። «ውሃ አልነበረም። ሁልጊዜ አሳጥባቸዋለሁ። ሕክምናው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን እዚያ ማረፊያው ክፍል ብርቱካን ልጠው በልተው ገብተው ልኬቱ ጣራ ነክቶ ነበር። አሳጥቤ ስለካቸው ግማሽም አልሆነ። የብርቱካኑን ስኳር ነው የለካሁት ብዬ ከሚያመጣቸው ከእህታቸው ልጅ ጋር ሳቅን። ዛሬ ቧንቧውን ስከፍት ጠብ የሚል የለም። ፍራፍሬ በልተዋል ወይ ብዬ የእህታቸውን ልጅ በሩ ላይ ጠየቅሁት፣ አልበሉም አለኝ። ስለዚህ በአልኮል ጠርጌ ወጋሁ።»

«ውሃው መጥፋቱን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ወዲያው መርፌው መጣ፣ ከዚያ ጠርሙሱ፣ ከዚያ…»

ወንፊት ቧንቧውን አዞረችው። ውሃው ሞልቶ ወረደ። ጎንበስ ብላ ከሥር ያለችውን ትንሽ መዝጊያ አየቻት፤ ክፍት ናት። ጉልበቷ ስትነሣ ተሳደበ።

«ትናንት ምን ተባለ? መስማት ሲጀምሩ?»

«ማዳመጫውን ከጆሯቸው ላይ ሳወርድ የእህታቸውን ልጅና እኔን እያፈራረቁ አይተው ‹ሰባት ቁጥር ቆማለች?› አሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው እሱ ነው።» ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች። «ሰባት ቁጥር ወንድሜ የሞተባት ናት። ፊቴን አዞርኩ። የእህታቸው ልጅ ‹አዎ፣ ቆማለች› አላቸው። ልባቸው እንዳይደነግጥ የደበቃቸው መሰለኝ። እንዲያውም ደግ ልጅ ነው አልኩ።»

የጠርሙሱን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ድሮ ባሕር ጠላቂ ነበር፤ ስሙም ጠላቂው ሆኖ ቀርቷል። ሽማግሌው ጆሮው ቢሻለውም በተዘጋው ቱቦ ውስጥ ሆኖ ስለማይሰማ ጠላቂው በየአሥር ደቂቃው በእጅ ባትሪ ብርሃን ያሳየዋል፣ ሽማግሌው አውራ ጣቱን ያነሣል። በመዝገቡ ላይ ዘጠኝ ምልክቶች አሉ።

«ዘጠኝ ጊዜ አነሡ?»

«አዎ፣ አነሡ።»

«ዘጠኙም ምልክቶች በአንድ ትንፋሽ የተጻፉ ይመስላሉ። ሐኪሙ ደግሞ ሲወጡ ሰውነታቸው መቀዝቀዝ ጀምሯል ይላል። የሞተ ሰው አውራ ጣት ያነሣል እንዴ? በናንተ ባሕር እንዲህ ነው?»

ጠላቂው መዝገቡን ዘጋው። «ሁለት ጊዜ አነሡ። ከዚያ ሲጋራ ላጨስ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ስመለስ የተኙ መሰሉኝ። ሁልጊዜ ይተኛሉ። ብጠራቸውም አይሰሙም፣ ምን ላድርግ?» ከዚያም ጨምሮ፣ «ኢንስፔክተር፣ እኔ ሰነፍ ነኝ፣ ነፍሰ ገዳይ አይደለሁም» አለ።

ወንፊት ይህን ሳትነቀንቀው አሳለፈችው። የሚያሳፍር ውሸት ከሚያስፈራ ውሸት ይለያል። የመጀመሪያው ሲነካ ይፈርሳል፣ ሁለተኛው ሲነካ ይጠነክራል።

የሟቹ የእህት ልጅ በማረፊያው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ፊቱን በእጆቹ ይዟል። አጎቱ ሲታመም ጋራዡን የያዘው እሱ ነው፤ ምክትል መካኒክ። በየቀኑ እጁን ይዞ የሚያመጣው፣ ወደ ጠርሙሱ ከመግባቱ በፊትም እጁን የሚጠርግለት እሱ ነው። ኦክስጅን ባለበት ዘይትና ግሪስ እሳት ነው፤ መካኒክ ደግሞ ታጠበም አልታጠበ ጥፍሩ ሥር ዘይት አይጠፋም። የጠረገበት ጨርቅ ከኋላ ኪሱ ብቅ ብሏል።

«ነፍስ ይማር። ጨርቅህ ለመካኒክ ንጹሕ ነው» አለችው።

«ለዚህ ብዬ የያዝኩት ነው። ዘይት አይገባም ብለውናል።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ከዚች ወንበር አልተነሣሁም። ነርሷ ሲገቡ ‹ፍራፍሬ በልተዋል?› ብላ ጠየቀችኝ፣ የለም አልኳት፣ በሩን ዘጋችው። በቃ።» ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነው፤ እንባውም የውሸት አይመስልም። «አጎቴ አይደለም፣ አባቴ ነው። ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። ጥፋቷን በምንም አታስተባብለው። ውሃ ከሌለ ከየትም አስመጥታ ማሳጠብ ነበረባት፣ በአልኮል ጠረግሁ ብሎ ነገር የለም።»

«ልክ ነህ፣ ነበረባት» አለች ወንፊት፤ ረጅም ጊዜም አየችው።

ከዚያ ኮሪደሩን የምትወለውለውን የጽዳት ሠራተኛ አገኘች። ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀች። «ውሃ? ዛሬ ውሃ መች ጠፋና! እኔ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከዚሁ መስመር እየቀዳሁ ነው የምወለውለው።»

ወንፊት ወደ አውቶቡስ ጋራዡ ስልክ ደወለች፣ አንድ ነገር ጠየቀች፣ አመስግና ዘጋች። አሥር አለቃው የሁሉንም የኪስ ዕቃ ሰብስቦ በሳህን በሳህን አድርጎ በመለኪያው ክፍል መስኮት ደፍ ላይ ደረደረው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በመለኪያው ክፍል ተሰበሰቡ። ሐኪሙ ሪፖርቱን ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ጠላቂው ግድግዳ ተደገፈ፤ ምክትሉ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ነርሷ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ ሁሉም የሚያያት ቦታ ላይ ቆመች።

«ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ይባላል» አለች ወንፊት። «እኔም ከውሃው ልጀምር። አሥር አለቃ፣ እጅህን ታጠብና ና።»

«እኔ?»

«መርፌ ትፈራለህ?»

«እፈራለሁ» አለ አሥር አለቃው፤ ታጥቦ አድርቆም መጣ። ነርሷ እንደታዘዘችው ጣቱን ወጋች። መሣሪያው ዘጠና ስምንት አለ።

ወንፊት ከደፉ ላይ አንዱን ሳህን አነሣች። ውስጡ የምክትሉ ጨርቅ ግማሹ አለ፤ ሌላውን ግማሽ ቆርጣ ለምርመራ አሽጋዋለች። ጨርቁ ደርቆ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሏል፤ ሁለት ቁጫጮች ይዞሩበታል። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋ የአሥር አለቃውን ግራ እጅ ጠረገችበት፣ እስኪደርቅ ጠበቀች። «አሁን ልጄ፣ ጠዋት እንዳደረግሽው አድርጊ። በአልኮል ጥረጊና ውጊ።»

ነርሷ ጠርጋ ወጋች። መሣሪያው ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት አለ።

«አሥር አለቃዬ በሩብ ሰዓት ውስጥ የስኳር በሽተኛ አልሆነም» አለች ወንፊት። «ጨርቁ በስኳር ውሃ ተነክሯል። ስኳር ሲደርቅ አልኮል አያነሣውም፣ ውሃ ነው የሚያነሣው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ያየችውን ጻፈች። ዶክተሩም አልዋሹም፤ እሳቸው የለኩት ከጆሮ ጫፍ ነው፣ ጆሮን ደግሞ ማንም በስኳር አልጠረገውም። ሽማግሌው ጠዋት ስኳራቸው ደኅና ነበር። ለደኅና ሰው ያን ኢንሱሊን ሰጥቶ፣ ራሱ ስኳር የሚያወርድ ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት ነው የገደላቸው። ሲደክሙ ደግሞ እንቅልፍ መሰለ። ሲጠሩ ዝም ቢሉ ማን ይደነግጣል? ውስጥ ሆነው አይሰሙም ተብሏል።»

ጠላቂው አንገቱን ደፋ።

«ይህን ያሰበ ሰው ሦስት ነገር ማወቅ ነበረበት። አንደኛ፣ ስኳር የነካ ጣት እንደሚያሳስት፤ ይህን በሦስተኛው ቀን በብርቱካን የተማሩት ነርሷና አንድ ሌላ ሰው ናቸው። ሁለተኛ፣ የሚወጋው ግራው መሆኑን፤ ቁጫጮቹ ቀኝ እጃቸውን ዘወር ብለው አላዩትም። ሦስተኛ፣ ልጅቷ ከመውጋቷ በፊት እንደምታሳጥባቸው። ስለዚህ ቀድሞ ገብቶ የዚችን መታጠቢያ መዝጊያ ዘጋ፣ በኋላ በግርግሩ ከፈተ። ውሃ በሌላው ክፍል ሁሉ ነበር። መዝጊያ መዝጋት ለመካኒክ የአንድ እጅ ሥራ ነው።»

ምክትሉ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ነርሷም ልትዘጋው ትችላለች። ወንድሟ…»

«ትችላለች። ግን እሷ መግደል ብትፈልግ ልኬቱን በጽሑፍ መዋሸት ይበቃታል፤ ጣት በስኳር መቀባት ምን አስለፋት? መሣሪያ የሚታለለው ነርሷን ለማታለል ነው። ደግሞ አንተ ከወንበርህ አልተነሣሁም አልክ። በሩም ተዘጋ አልክ። ልጅቷ ውሃ መጥፋቱን ለማንም አልተናገረችም። ታዲያ ውሃ ከሌለ ከየትም አስመጥታ ታሳጥብ ነበር ያልከኝ ከየት ሰምተህ ነው? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።»

«ለምን ብዬ አጎቴን እገድላለሁ?» አለ ምክትሉ።

«ስለ ሰባት ቁጥር» አለች ወንፊት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አጎትህ ግን እውነትም ስለ አደጋው የሰሙት የለም። እስከ ትናንት አይሰሙም ነበር፣ አያነቡም፣ የሚያስረዳቸው አንተ ብቻ ነህ። ትናንት ጆሯቸው ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቁት ሰባት ቁጥር ቆማለች ወይ ብለው ነው። ደኅና ናት ብሎ ያሳለፋትን መኪና ቆማለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ መካኒክ የለም። አቁሟት ብሎ ያዘዘ ነው የሚጠይቀው። ጋራዡ ደውዬ ነበር። ለኮሚቴው የሰጠኸው ቃል ‹አጎቴ አዳምጦ ፈቅዷል› የሚል ነው። ነገ ጠዋት ሽማግሌው ሲጠየቁ ያ ቃል ይፈርስ ነበር።»

ምክትሉ ወንበሩ ላይ ጎንበስ አለ። ሲናገር ለወንፊት አልነበረም፤ ወለሉን ነበር የሚያወራው።

«የፊት ጎማዋ ኩሽኔታ ይንኳኳል፣ እንዳትወጣ አለኝ። በማግሥቱ ጆሮው ጠፋ። አውቶቡስ አጥሮን ነበር፣ መለዋወጫው በሁለት ቀን ይመጣል ተብሏል። አንድ ጉዞ ብቻ ብዬ ለቀቅኋት። እኔም ካቻቢቴውን ይዤ አዳምጫት ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። እሱ የሚሰማውን እኔ መቼም ሰምቼው አላውቅም።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። አሥር አለቃው የተወጋ ጣቱን በአፉ እንደያዘ መጥቶ ክንዱን ያዘው።

ሁሉም ሲወጡ ሐኪሙ ወደኋላ ቀረ። ወንፊት እጇን ዘረጋችለት። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ያሉበትን ወረቀት ይስጡኝ። ውሃ ሲጠፋ ምን ይደረጋል የሚል መስመር መመሪያዎ ላይ አላየሁም። አዲስ ሪፖርት ሲጽፉ ከዚያ ይጀምሩ።» ሐኪሙ ሰጣት። እሷም አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ነርሷ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ነጻ ነሽ፣ ልጄ» አለቻት።

«ወንድሜን ሊያድኑት ሞክረው ነበር ማለት ነው።»

«ሞክረው ነበር።»

«ትናንት እኔንም አይተው ነው የጠየቁት። ወጥታለች፣ ወንድሜም ሞቷል ብላቸው ኖሮ ነገሩ ያኔ እዚሁ ክፍል ውስጥ ይፈርጥ ነበር። ዛሬ እሳቸውን ለመግደል ምክንያት የሚኖረው አይኖርም ነበር። ጠልቻቸው ፊቴን አዞርኩ።»

ወንፊት ጥፋትሽ አይደለም ልትላት አፏን ከፈተችና ተወችው። ልጅቷ የምትናገረው እውነት ነው፤ እውነትን በማባበል መሸፈን ደግሞ አትችልበትም። ውስጧ አዘነ፤ በዚያች ልጅ ዕድሜ ሳለች እሷም ፊቷን ያዞረችበት ሰው ነበራት።

«ከግራ እጃቸው ናሙናው ተወስዷል» አለቻት በመጨረሻ። «እኛ በእጃቸው ላይ የቀረን ሥራ የለም።»

ነርሷ ገባት። አንድ ንጹሕ ሳህን አነሣች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ውሃው እስኪሞቅ በመዳፏ እየለካች ጠበቀች። ከዚያ ሳህኑን ሞልታ ሽማግሌው ወደተኛበት ክፍል ገብታ የተንጠለጠለውን እጅ ወደ ላይ አነሣችውና ቁጫጮቹን በቀስታ አራግፋ፣ ከትንሿ ጣት ጀምራ አንድ በአንድ ታጥበው ጀመር። ወንፊት በሩን ገርበብ አድርጋላት ወጣች።